ከመከለያው በታች ያለው ስንዝር

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ይህ ደብተር የልጄ የሎዛ ነበር። ከፊቱ ጥቂት ቅጠል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ አለበት፤ የቀረው ባዶ ነው። ወረቀት መጣል አልችልም። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጅ ሆኜ በርበሬ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው፤ ማንበብ የለመድኩት ደግሞ ከአሮጌ ዕቃ ጀርባ ከተለጠፈ ወረቀት። ለዚህ ይሆናል የምጽፈውም ቁርጥራጭ የሚሆነው።

ዛሬ ምናለሽ ተራ፣ ሐጂ ባህረዲን ሱቅ፣ አንድ ተጣጣፊ መከለያ ገባ። ድሮ ትልልቅ ቤቶች ሳሎኑን ከመኝታው የሚለዩበት ዓይነት። ሐጂ ከአሮጌ ቪላ ይገዛሉ፣ እኔ እጠግናለሁ፣ ሆቴልና ምግብ ቤት ይወስደዋል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። እንደዛሬው ያለ ግን አልገጠመኝም። አራት ክንፍ ነው። የእያንዳንዱ ክንፍ የላይኛው ግማሽ እንደ ወንፊት የተፈለፈለ እንጨት፣ የታችኛው ግማሽ ነጫጭ ረጅም እግር ያላቸው ወፎች የተሳሉበት ሐር። ሁለት ማጠፊያ ተሰብሯል። አንዱ ክንፍ እርጥበት አግኝቶት ተንጋዷል።

«ከህንድ የመጣ ነው» አሉ ሐጂ።

«በምን አወቁ?»

«ሻጩ አላወቀም። ገዢው ግን ማወቅ ይፈልጋል። እንግዲህ ከህንድ ይሁን።»

ከዚያ ወንፊቱን በጣታቸው እየነኩ አስረዱኝ። እንዲህ ያለው የተሠራው የቤቱ ሴቶች እንግዳ ሲመጣ ከኋላው ተቀምጠው እንዲያዩ ነው። ከጨለማው በኩል ያለ ሰው በብርሃኑ በኩል ያለውን ያያል፤ ብርሃን ላይ ያለው የሚያየው ቅርጹን ብቻ ነው። ለሆቴል ሲሆን ጀርባው ጨርቅ ይለጠፍበታል።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ማታ ስመለስ ቦጋለ ብቻውን ተነስቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የአልጋውን ብረት በግራ እጁ ይዞ ይጎትታል። ብትወድቅስ አልኩት። አየኝ።

ባለቤቴ ስትሮክ ከመታው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ቀኝ ጎኑ ሞቷል፤ ቀኝ እግሩን በመርፌ ቢወጉት አያውቅም። ግራው ደህና ነው። ሲነግሩት ሁሉን ይሰማል፣ ይገባዋል፤ መናገር ግን የለም። አትክልት ተራ የጫኝና አውራጅ አለቃ ነበር። ድምፁ ከመጀመሪያው መኪና እስከ መጨረሻው ይደርስ ነበር። አሁን የቀረለት ሳቅ ነው፤ ሳቁም የራሱ አይደለም። ሲያመው ይስቃል፣ ሲያዝን ይስቃል። ሐኪሙ በሽታው የሚያመጣው ነው ብሎኛል። ሰው ሁሉ ግን ሐኪም አይደለም።

መስከረም ላይ የጎረቤታችን የሁሪያ እናት ሞተው፣ በተውሶ ዊልቸር ለቅሶው ቤት ድረስ ወሰድኩት። ሰው ጸጥ ባለበት ሰዓት ሳቁ መጣ። ትልቅ፣ የማያቆም ሳቅ። አንዲት ሴት ከኋላዬ «ምነው ቤቱ ብታስቀምጠው» አለች። ሁሪያ ግን ከመሃል ተነስታ መጥታ ግራ እጁን ሳመችው።

ከዚያ ወዲህ አላወጣሁትም። ብርዱ አይመቸውም።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ሎዛ ዛሬ ከመድኃኒት ቤት ፈረቃዋ በጊዜ ተመለሰች። ኃይለልዑል የሚሉት ልጅ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ስሙን ካነሳችልኝ ዓመት አልፏል፤ ቤተሰቡ የተማሩ ሰዎች ናቸው፣ አባቱ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። ልጄ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ፊቷ በርቶ ነበር። እልል ማለት ሲገባኝ፣ ከአፌ የወጣው «ስለ አባትሽ ምን ነግረሽዋል?» የሚል ሆነ።

«ታሟል ብዬዋለሁ።»

«እንዴት እንደሆነስ?»

«ይመጣና ያየዋላ።»

ቤታችን አንድ ክፍል ናት። የቦጋለን አልጋ ከተቀረው የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ሰማን። ሎዛ ሄዳ አቀፈችው። እኔ እሷ ከወጣች በኋላ መጋረጃውን ደህና አድርጌ ሳብኩት።

ፈራሁ። ለእሷ ብዬ ነው የፈራሁት።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። የመከለያው ጀርባ ሦስት ድርብ ጋዜጣ አለበት። ኮላው በሙቅ ውሃ ይለቃል። በካራ ጫፍ ቀስ። ስማቸውን የለወጡ ሰዎች ማስታወቂያ። የጠፋ ማኅተም። አንዲት ሴት ደግሞ «ባለቤቴ ስለታመመ ከእንግዲህ ጉዳዩን የምፈጽመው እኔ ነኝ» ብላ አሳውጃለች። ስሟን ብል በልቶታል። ሌላውን ሁሉ ፋቅሁ። እሷን ተውኳት።

ማጠፊያ ከሦስተኛው ሱቅ ተገኘ። የሚታሰርበት ቪቴ ግን ይረዝማል። ማሳጠር አለብኝ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ወንድሜ ጋሼ ሰብሐት መጣ። ሎዛ ነግራው ኖሯል። ወንበር ላይ ሳይደላደል ጀመረ።

«ማን ነው የሚቀበላቸው?»

«ያው አንተ አለህ፣ ቦጋለ አለ…»

«ቦጋለማ እንዴት አድርጎ ነው የሚቀበላቸው! አባት ማለት የሚናገር ሰው ነው። ሽማግሌ ቆሞ ‹ልጅዎን ለልጃችን› ሲለው ከት ብሎ ቢስቅስ? አንቺ ልጅ፣ የሰው መሳቂያ ልታደርጊን ነው?»

«ቀስ በል፣ ይሰማል።»

«እሱ ምን ይሰማል። ጸበል ሄዷል እንላለን። ውሸትም አይደለ፣ አምና ሄዶ የለም?»

«አምና እኮ ነው።»

«ጸበል ጸበል ነው።»

መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም። ጋሼ ሰብሐት ያለው ልክ ይመስለኛል። አንዴ ከተጋቡ በኋላ ማየት ይችላሉ። ቀስ በቀስ። ለሎዛ ስል ነው።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ሐጂን ለመንኳቸው። መጋረጃ በር ሲከፈት ነፋስ ያነሳዋል። መከለያውን ለአንድ እሑድ ብቻ አውሱኝ አልኳቸው።

«ለእንግዳ ማማሪያ?»

«አዎ።»

«ጀርባው እኮ ገና ጨርቅ አልለበሰም። ወንፊቱ ክፍት ነው።»

«ግድ የለም፤ ከፊት ነው የሚታየው።»

ወንፊቱን በጣታቸው ነኩ። «ቦጋለ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ይተኛል።»

«ውሰጂው» አሉ። «ብቻ እንዳይጫር። ሉብና በታኅሣሥ አጋማሽ ትወስደዋለች።» ሉብና የሆቴል ቤት የምታስውብ ልጅ ናት፤ ስልክ ላይ አይታው ወዳዋለች።

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰገንኩ። ይህን ያህል ሲያምኑኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሰውነቴ ከበደኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

አዩብ ተሸክሞ አመጣው። ጢሙ ሸብቷል፤ ድሮ ቦጋለ ሥር ይጭን ነበር። ከምናለሽ ተራ ራጉኤል ጀርባ እስካለው ቤታችን አንዴም አላረፈም። «እትዬ ሰገነት፣ ሰው በርና መስኮት ይሸከማል፤ እኔ ዛሬ ግድግዳ አሸከሙኝ» እያለ ገባ። አውርዶ ላቡን ሳይጠርግ መጋረጃውን ገለጠና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አለቃ! የሁለት ሰው ጭነት ነው ለብቻዬ ያመጣሁት። ይመዝገብልኝ!»

ቦጋለ ሳቀ። የዛሬው ሳቅ ግን ቦታው ላይ ነበር።

ሲወጣ በር ላይ «ነገ ምንድን ነው?» አለኝ።

«እንግዳ አለብን። ለሎዛ።»

«ሽማግሌ! አለቃ ጥቁሩን ኮታቸውን ይለብሳሉ በሉኛ!»

ጸሐይ ዓይኔን ወጋችኝ አልኩና ዞርኩ።

መጋረጃውን አውርጄ መከለያውን ዘረጋሁት። ሲዘረጋ ክንፎቹ አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ እየሆኑ ነው የሚቆሙት፤ ቀጥ ካደረጉት ይወድቃል። በር ላይ ቆሜ አየሁት። እንግዳው ከሚቀመጥበት ቦታ ቆሜ አየሁት። አልጋው አይታይም። ወፎቹ የሚበሩ ይመስላሉ። ቤቴ እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም።

ኅዳር 14፣ እሑድ

አለፈ።

ጠዋት ቦጋለን አጠብኩት፤ ንጹሕ ነጭ ካልሲ አደረግኩለት። መድኃኒቱን ሰጠሁት። ውሃ አስጎነጨሁት። ዓይኑን ጨፈነ። ትራሱን አስተካክዬ በእሱ በኩል ያለውን መብራት አጠፋሁ።

አራት ሰዓት ሲሆን አራት ሽማግሌ ገቡ። ሎዛ እንደ ደንቡ ማድ ቤት ነበረች። መሪያቸው አቶ ሶሬሳ የሚባሉ፣ የኃይለልዑል አባት የድሮ የሥራ ባልደረባ፣ ቀጭን፣ ወገባቸው የጎበጠ ሰው ናቸው። ተቀመጡ ሲባሉ፣ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም አሉና ቆሙ። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ። ጋሼ ሰብሐት ከሰርግ በቀር የማይለብሰውን ሱፍ ለብሷል። እጁን ዘርግቶ አስቀመጣቸው። ዘር ተቆጠረ። ልጁ ተመሰገነ።

አቶ ሶሬሳ «አባትየውስ?» አሉ።

«ትንሽ አሟቸው ጸበል ናቸው» አለ ጋሼ ሰብሐት። «እኔ በእርሳቸው እግር ነኝ።»

እኔ የለስላሳ ጠርሙስ እከፍት ነበር። አንደኛው ሽማግሌ «እግዚአብሔር ይማራቸው» አሉ። አሜን አልኩ።

አቶ ሶሬሳ ከዚያ በኋላ ብዙም አልተናገሩም። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አቀርቅረው ወለሉን ያያሉ። ጋሼ ሰብሐት ግን ለአራቱም ያህል ተናገረ። ዘመድ አማክረን መልስ እንሰጣለን፣ በሦስተኛው እሑድ ተመለሱ ተባሉ፤ ደንቡ ነው።

ሊወጡ ሲሉ አቶ ሶሬሳ ወደ መከለያው ዞሩና ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። የወፎቹን ሥዕል ያደነቁ መሰለኝ። «ለቤቱ ጌታ ሰላምታችን ይድረስልን። መልሳቸውን እንጠብቃለን» አሉ፤ ለደነቆረ ሰው እንደሚናገሩ ጮክ ብለው። ሥራዬን ሰው ሲያይልኝ እወዳለሁ። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ።

ከሄዱ በኋላ ወደ ኋላ ገባሁ። ቦጋለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። የካልሲዎቹ ሥር አቧራ ይዟል፤ ወለሉን በደንብ አልጠረግኩም ማለት ነው። እግሩ በረዶ ሆኗል። ግራ እጁ ላይ ክብ ቀይ ምልክት አየሁ፤ ተኝቶበት ይሆናል።

አልሳቀም። አንድም ጊዜ አልሳቀም። ተመስገን።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ሾርባውን ከእኔ እጅ አልወሰደም። ከንፈሩን ይገጥማል። ሎዛ ስታጎርሰው ይበላል።

ከእሑድ ወዲህ ሳቅ የለም። ብርድ ይሆናል።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

መከለያውን ልመልስ ሳጣጥፍ ሎዛ ቆማ አየችኝ። ሳምንቱን ሙሉ እሺና እንቢ ብቻ ነው ያናገረችኝ።

«እማዬ፣ ለማን ብለሽ ነው የደበቅሽው?»

«ላንቺ ነዋ።»

«እኔ መቼ ደብቂልኝ አልኩሽ?»

«አትበይ እንጂ…»

«ኃይለልዑል ስንት ቀን ‹ልምጣና አባትሽን ልይ› ብሎኛል። ‹እናቴ ይከፋታል› እያልኩ የመለስኩት እኔ ነኝ። አባዬን አፍሬበት መስሎታል። አሁን ደግሞ ጸበል ነው ተብሎ ለአባቱ ተነግሯል። ምን ልበለው?»

አዩብ ደረሰና ንግግራችን ተቋረጠ። መከለያውን ሲያነሳ ዛሬ ቀልድ አልነበረውም። ወደ አልጋው አየና ባርኔጣውን አውልቆ ወጣ።

ምንጊዜም ትክክለኛው ቃል የሚመጣልኝ ሰው ከሄደ በኋላ ነው። አሁን ግን እሷ ተኝታ እኔ ነቅቼም አልመጣልኝም።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ዛሬ የወንፊቱን ቀዳዳዎች በጥርስ ብሩሽ እያጸዳሁ ነበር፤ ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት አቧራው መውጣት አለበት። ሦስተኛው ክንፍ፣ በጀርባው በኩል፣ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ነጭ ነገር ተሰክቷል። የድሮ ኖራ መሰለኝ። በሽቦ ጎረጎርኩት።

ሁለት ፍሬ መድኃኒት ነው። አንዱ ረጥቦ እንደገና የደረቀ፣ ከእንጨቱ የተጣበቀ። አንዱ ከነመስመሩ አለ። ያን መስመር አውቀዋለሁ፤ በየማታው በቢላ የምከፍለው በእሱ ላይ ነው።

በርጩማ አምጥቼ ከመከለያው ጀርባ ተቀመጥኩ። ቀዳዳው ከዓይኔ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደረቴ አጠገብ ነው፤ የተቀመጠ ሰው ግራ እጅ የሚደርስበት። በወንፊቱ አየሁ። ሱቁ በሙሉ ይታያል። ሐጂ ሻይ ሲያማስሉ፣ የሻዩ እንፋሎት ሳይቀር፣ መንገደኛው፣ ከባሬላ ላይ የተከመረው ብረት። የማይታይ ነገር የለም።

«ሐጂ» አልኳቸው።

ቀና ብለው በሩን አዩ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«እግርሽን ባላይ ጂን ጠራኝ እል ነበር» አሉ።

ወደ ታች አየሁ። የመከለያው ክንፎች እግር አላቸው፤ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያደርጋቸዋል። እኔ ራሴ ነኝ ያጸዳኋቸው። ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታሰበውም። ለተቀመጠ ግን ጫማዬ ከነማሰሪያው ብርሃኑ ላይ ወጥቷል።

አቶ ሶሬሳ ወለሉን ያዩ ነበር።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

እንደሆነው ልጻፈው።

እሑድ ጠዋት የሰጠሁት የሚያስተኛውን የማታ መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ግማሽ ነው ያዘዘው። እኔ ሁለት ፍሬ ሰጠሁት። አውቄ። ሌላ ዓይነት ነው ብዬ አፉ ላይ አደረግኩለት። አፉን ከፈተልኝ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሰጠሁትን ሁሉ እንዲሁ አፉን ከፍቶ ነው የሚቀበለኝ።

አልዋጠውም። ምላሱ ሥር ይዞት ነበር። እኔ ስወጣ አወጣው። ከዚያ የአልጋውን ብረት ይዞ ተነሳ፤ የማይሰማውን እግሩን በእጁ እያነሳ አወረደ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ወደ እንግዶቹ ዞሮ ተቀመጠ። ወንድሜ በእርሱ እግር ነኝ ሲል እየሰማ። እኔ አሜን ስል እያየ። ሳቁ ሲመጣበት እጁን ነከሰ። ያ ክብ ምልክት የጥርስ ነው። ሲወጡ ደግሞ ተመልሶ ተኛልኝ፤ እንዳላውቅ።

ለሎዛ አልነበረም። ይህን መጻፍ ነው የከበደኝ። ያቺ ሴት ለቅሶ ቤት «ምነው ቤቱ ብታስቀምጠው» ስትል ያፈርኩት እኔ ነኝ። ሁሪያ እጁን ስትስም እንኳ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ሎዛ አፍራ አታውቅም።

ማታ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ፍሬዎቹን መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየሁት። «አየህ?» አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠ። አዎ ማለቱ ነው። ይቅር በለኝ አልኩት። አየኝ። መልሱን አላወቅሁትም። ሾርባውን ሳቀርብለት ግን አፉን ከፈተ።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ለሎዛ ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ «እሑድ አባዬ ይቀመጣል» አለች።

ለጋሼ ሰብሐት ደግሞ መሳለሚያ ድረስ ሄጄ ነገርኩት።

«ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?»

«ሆነናል እኮ። አንተም እኔም።»

«ተናደው ቢሄዱስ? የዋሸ ቤት ልጅ አንወስድም ቢሉስ? መብታቸው ነው! የልጅቱን ዕድል በአፍሽ ልትሰብሪው ነው።»

ይህን ሌሊቱን ሁሉ ሳስበው ነው ያደርኩት። ሊሉ ይችላሉ። ሎዛን ጠየቅኳት። «ይበሉ» አለች፤ የነጠላዋን ጫፍ ግን በጣቷ ትጠመዝዝ ነበር።

ጋሼ ሰብሐት አልመጣም ብሏል።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

መጋረጃውን አጥቤ አልሰቀልኩትም። ሽቦውን ራሱ ነቀልኩት።

አዩብ በጠዋት መጣ። ቦጋለን አቅፎ አነሳውና ከሁሪያ ቤት የተዋስነው ባለ ክንድ ወንበር ላይ አስቀመጠው። «አለቃ፣ ስንት ኩንታል ሆኑ እባክዎ!» እያለ ጥቁሩን ኮት አለበሰው፤ መጀመሪያ የታመመውን እጅ፣ ከዚያ ደህናውን። ኮቱ ሰፍቶታል።

አራቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ቦጋለን ሲያዩ ሦስቱ ባሉበት ቀሩ። ጋሼ ሰብሐት የለም። የሚናገር ሰው የለም። ሁሉም ወደኔ አየ። በሕይወቴ በወንዶች ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም።

«ባለፈው ዋሽተናችኋል» አልኩ። «ባለቤቴ ጸበል አልሄደም። ታሞ እዚሁ ነበር፣ ከመከለያው ጀርባ። መናገር አይችልም። የማይሆን ቦታ ላይ ሳቅ ያመልጠዋል። የደበቅኩት እኔ ነኝ። ልጄም እሱም አላሉኝም።»

አንደኛው ሽማግሌ «እንግዲህ ሌላስ ምን ተደብቋል?» አሉ። ፊታቸው ጠቆረ። ሎዛ በሩ ላይ መጥታ ቆማለች፤ ማድ ቤት መቆየት አልቻለችም።

አቶ ሶሬሳ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኔ እግራቸውን አይቼ ነበር» አሉ። «ነጭ ካልሲ። ጎን ለጎን፣ ወደኛ ዞሮ። የቤት ጌታ እንግዳ ሲቀበል እንደሚቀመጠው። ለእነዚህ አልነገርኳቸውም። ዛሬም ጸበል ናቸው ብትሉን ግን፣ ልጃችን ሌላ ቤት ይፈልግ ብዬ ልሄድ ነበር የመጣሁት።»

ባርኔጣቸውን ወንበር ላይ አስቀመጡ።

«እንግዲህ ባለፈው የጠየቅነው ሰው አባት አልነበረም» አሉና ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «እንደ አዲስ እንቁም።»

አራቱም ቦጋለ ፊት ቆሙ። አቶ ሶሬሳ ቀስ ብለው፣ ሳይጮኹ፣ «አቶ ቦጋለ፣ ልጅዎን ሎዛን ለልጃችን ለኃይለልዑል ብለን መጥተናል» አሉት።

ሳቁ መጣ። ከሩቅ ሲመጣ አውቀዋለሁ፤ ትከሻው ነው የሚጀምረው። ግራ እጁን ወደ አፉ ሲያነሳ ደርሼ ያዝኩት። ጎተተ። አለቀቅኩትም። «ተው፣ ሳቅ» አልኩት። ሳቀ። ቤቱ እስኪሞላ፣ ግቢው እስኪሰማ ሳቀ። እንባው ኮቱ ላይ ይወርዳል። እኔ እጁን ይዤ ቆምኩ። አንዴም ወለል አላየሁም።

አቶ ሶሬሳ የሚናገር ሰው እንደሚጠብቁ ሆነው ጠበቁት። ሲያልቅ ወደኔ አዩ።

«ምን ይላሉ?»

«ራሱን ጠይቁት» አልኩ።

ቦጋለ እጁን ከእጄ አወጣ። ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ ወንበሮቹን አሳያቸው፤ አንዱን፣ ሌላውን፣ አራቱንም በየተራ።

ተቀመጡ።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

መከለያው አለቀ። ጀርባውን አቡጀዲ አለበስኩት። ባለቤቷ የታመመባት ሴት ማስታወቂያዋ ከነቦታው ከጨርቁ ሥር አለ።

ሉብና መጥታ ዙሪያውን ተመለከተችው። «እውነት ከህንድ ነው?»

«ሐጂ እንዲህ ይላሉ» አልኩ ሳቄን እየዋጥኩ።

«ጥርስሽን አይቻለሁ ሰገነት!» አሉ ሐጂ ከሱቁ ውስጥ።

አዩብና ሌላ ሰው አንስተው ሲያስወጡት «ከጀርባው ወንበር አታድርጉ» አልኳት።

«ለምን?»

«እግር ይታያል።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ጥር 18፣ ሰኞ

ሰርጉ ትናንት ነበር። ጋሼ ሰብሐት መጥቶ ቦጋለን ትከሻውን ሳመው፤ ምንም ሳይናገር፤ ለእሱ ይህ ከባድ ነው። እግሬ ያበጠበትን፣ የተሰበረውን ብርጭቆ፣ ማን ምን እንደለበሰ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። አሁን ይህን ብቻ፣ ሳይጠፋብኝ።

ሎዛን ሊወስዷት ሲሉ ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ተንበረከኩ። ሎዛ ታውቃለች፤ ወደ ግራ ጉልበቱ ሄደች። ኃይለልዑል ግን አያውቅም። ከቀኙ ፊት ተንበርክኮ ያን የማይሰማውን ጉልበት ሳመ፤ ግንባሩንም አስደግፎ ምርቃት ጠበቀ።

ቦጋለ ወደ ታች አየው። ግራ እጁን አሻግሮ የልጁን ራስ ያዘና ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ፣ ወደ ግራው ጉልበት አመጣው።

ልጁ እንደገና ሳመ።